ሐዘንተኛን የሚያስቅ አየር

ሊድስ፣ ኅዳር 12 ቀን 1950 ዓ.ም.

…በቅሎዋ ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ሰጥማ ስትቀር አባባ ወርደው ከጎኗ ቆሙ። ጉሙ ከጭላሎ ተራራ እየወረደ ነበር። እኔ አለቀስኩ፣ እሳቸው ሳቁ። ከመሳቃቸው በፊት የተናገሯት አንዲት ቃል ነበረች። ያቺ ቃል ናት የጠፋችኝ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስፈልጋት ዋልኩ፤ ደብዳቤውንም ሰላምታ ሳላስቀድም የጀመርኩት ለዚህ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣ ለወይዘሮ አፀደ ገብረወልድ። የእርስዎ ጤና፣ የአባባ ጤና፣ የግቢው ሰላም እንደምን ከርሟል? እኔ ፀሐይ ከማጣት በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ለዚህም ፈጣሪ ይመስገን።

ምን እንደምማር ጠይቀውኝ ነበር። የሚቆርጠው ሐኪም ሌላ ነው። እኔ በሽተኛው ራስጌ ተቀምጬ እንዳይሰማው ማድረግን ነው የምማረው። ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል አየር አለ፤ በሰማያዊ ሲሊንደር ታሽጎ ይመጣል፤ ቀለም የለውም፣ ሽታው ትንሽ ይጣፍጣል። በጭምብል አፍና አፍንጫ ላይ ይደረጋል። እዚህ ሰዎች የሚያስቀው አየር ይሉታል። ባለፈው ሳምንት አንድ የትራም ትኬት ቆራጭ ሽማግሌ ጥርሱን ሊነቀል መጣ። ከቤቱ ጀምሮ ሲራገም ነው የመጣው። ጥቂት ሳብ ሳብ ካደረገ በኋላ እንደ ሕፃን ይንከተከት ጀመር። ጥርሱ ሲነቀል ይስቃል፤ ደሙ ባገጩ ሲወርድ ይስቃል። ሚስቱ በር ላይ ቆማ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ስኖር እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም፤ ከዚህ አየር ትንሽ ለቤት አይሸጥም?» አለች።

ይህን ለአባባ ያንብቡላቸው። ለጎረቤታችን ለሁሴኖም ይንገሩት፤ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ይሳቅ። እንደ ሁልጊዜው ከደብዳቤዎ ግርጌ የአባባን አንድ መስመር አይርሱብኝ።

ልጅዎ አሰግድ ሣህሌ

*

አሰላ፣ ጥር 3 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለምወድህ ለወንድሜ ልጅ ለአሰግድ። በማላውቀው ብርድ ውስጥ የድንግል ልጅ ከፊትህም ከኋላህም ይሁን። የምትረግጠውን መሬት ይባርክልህ።

ደብዳቤህ የደረሰው ቤት ሰው ሞልቶ ሳለ ነው። ሁሴኖ ከበር ተቀብሎ፣ ደስ ብሎት ኖሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። የትራሙ ሽማግሌ ላይ ሲደርስ ብርቄ፣ ያቺ ከጓሮ ያለችው ጎረቤታችን፣ አላስችላት ብሎ፣ «እኔንስ እንዲህ የሚያስቁኝ ከሆነ ሆዴንም ይሰንጥቁት!» አለች።

«አንቺማ ያለ አየርም ትስቂያለሽ» አላት ሁሴኖ።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሁሴኖ ደብዳቤውን አጥፎ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው።

አሁን የምጠይቅህ አለ። አንገቴ ላይ ያለው እብጠት ያየኸው አይደለም፤ አድጓል። የውጭ አገሩ ሐኪም መጥቶ በአስተርጓሚ፣ «አዲስ አበባ ሄደው ካላስቆረጡት የመተንፈሻውን መንገድ ይዘጋዋል» አለኝ። በምን ያስተኙኛል ብዬ አስጠየቅሁት። ያው አየር ነው። እና ልጄ፣ ሁሉን ሰው ያስቃል? መሳቅ የማይፈልገውንም ያስቃል? አፉን በነጠላ ጠበቅ አድርጎ ቢይዝስ? እውነቱን ጻፍልኝ። ለምን እንደምጠይቅ አትጠይቀኝ።

አክስትህ አፀደ

*

በዚያው ቀን

ይህን ገጽ አልልከውም።

አሰግድ፣ አባትህ ሞቷል። ጥቅምት ውስጥ፣ ከገብሱ ማሳ ሲመለስ፣ በሩ ላይ ተቀመጠና ሳይነሳ ቀረ። ሰው አገር ላለ ልጅ መርዶ በወረቀት አይላክም። ብቻውን ክፍል ውስጥ አንብቦ ሲወድቅ ማን ይይዘዋል? ስትመጣ እንደ ወጉ መጀመሪያ ሁሴኖ ቤት ታርፋለህ። ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ ይገባና ይነግርሃል፤ እኛም እንይዝሃለን። እስከዚያ አፌን ዘግቻለሁ።

ደብዳቤህ ሲነበብ ለቅሶ ላይ ነበርን። እኔ ጸጉሬን ተላጭቼ፣ ጥቁሬን ለብሼ። ሙት ዓመቱ ሳይወጣ፣ አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ ባዕድ ሰው ፊት ድምፄን ለቅቄ ልስቅ? የሰው ወሬስ ይቅር። እኔ ራሴ ያንን ሳቅ በምን ጆሮዬ እሰማዋለሁ? ይህን የምጽፍበትን ፊደል ያስቆጠረኝ ሣህሌ ነው። ሴት ልጅ ምን ያደርግላታል ሲሉት ከጓሮ እየደበቀ አስተማረኝ። አንገቴ ይቆይ።

*

ሊድስ፣ የካቲት 20 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለክብርት አክስቴ፤ ከሩቅ ጉልበትዎን ስሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ።

ጥያቄዎን ለመምህሬ አቀረብኩለት። «አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አብዛኛው ይተኛል» አለኝ። እሱ ግን ስቦት አያውቅም። እውነቱን ጻፍልኝ ስላሉኝ፣ ሰዎቹ ምሳ ሲወጡ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ጭምብሉን ራሴ ያዝኩት።

መጀመሪያ ከንፈሬ የሌላ ሰው ሆነ። ከዚያ የጣቶቼ ጫፍ ነዘረ። የግድግዳው ሰዓት ድምፅ ራቀ፣ ተመልሶ ቀረበ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር። ሳቁ መጣ። እንዴት ብዬ ልንገርዎ፣ የእኔ አልነበረም። ሆዴ ሳቀ፤ ጉሮሮዬ ሳቀ፤ እኔ ደስ ሳይለኝ ከጎን ቆሜ አየሁት። ነርቭ ያለ ባለቤቱ የሚስቀው ሳቅ ነው። ስለዚህ አዎን፣ ያስቃል። ዋሽቼ አልጽፍልዎትም።

ከሳቁ ወዲያ ግን አንድ ቦታ አለ። ጸጥ ያለ ነው። እዚያ የአባባን ድምፅ ሰማሁ። ከጉሙ ውስጥ ስሜን ጠሩኝ፤ በቅሎዋም ነበረች። ያቺን የጠፋችኝን ቃል ሊሏት አፋቸውን ሲከፍቱ ጭምብሉ ከእጄ ወድቆ ነቃሁ።

መምህሬ ይህን አየር አይፈራውም። የሚፈራው የቅርብ ዘመዱን ነው፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሉታል። ሲሊንደሩ ሲሞላ በስህተት ከተቀላቀለ፣ አየር ሲነካው ቡናማ ይሆናል፣ ሳንባ ያቃጥላል። «ነርቭ ላይስ ምን ያደርጋል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሳንባው የተቃጠለ ሰው ስለ ነርቩ ማን ይጠይቅለታል?» አለኝና ወጣ። አላረካኝም። ሲሊንደር በከፈትኩ ቁጥር የትኛው ዘመድ እንደሚወጣ አስባለሁ።

ባለፈው ከግርጌ የአባባ መስመር አልነበረም። ተቀይመውኝ ነው? የሱፍ ካልሲ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። እዚህ ብርዱ የሚጀምረው ከእግር ነው።

አሰግድ

*

አሰላ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለልጄ ለአሰግድ። የትንሣኤው ጌታ ብርሃኑን ያሳይህ።

የዘገየሁት ስላላወቅሁበት ነው። ድምፁን ሰማሁ ካልክበት ላይ ስደርስ ደብዳቤውን አጥፌ ከትራሴ ስር አደረግሁት፤ የቀረውን ሳላነብ ሰነበትኩ።

አባትህ አልተቀየመህም። መጻፍ ግን አይችልም። ስትመጣ ትሰማዋለህ።

እዚያ ቦታ ከጠራህ አቤት አትበለው። ሞኝ ናት በለኝ፣ ባላገር ናት በለኝ፣ ብቻ አቤት አትበል። ያንን አየር ተወው። የጠየቅሁህን መልሰሃል፤ ያስቃል ብለሃል፤ በቃኝ። አልቆረጥም። ሐኪሙንም መልሼዋለሁ። ሁሴኖ ተቆጣኝ። «እትዬ፣ ሰው በሳቅ አይሞትም፣ በትንፋሽ እጦት ነው የሚሞተው!» ይለኛል ደጄ ላይ ቆሞ። እሱ ምን ያውቃል አልለውም፤ ያውቃል። እንደ ወንድም አብሮን ተቀምጦ ነው የከረመው።

ካልሲውን ልኬልሃለሁ። ከጮሌ ገበያ በመጣ ሱፍ ነው ያሠራሁት። ሁዳዴን ጾምከው? ሰው አገር ያለ ሰው ቢያጎድል አይፈረድበትም።

አፀደ

*

ሊድስ፣ ሰኔ 2 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለእናቴ ምትክ፣ ለአክስቴ። እንደምን ሰነበቱ? ትንፋሽዎ እንዴት ነው? ይህን ብቻ ደጋግሜ እጠይቃለሁ።

አልቆረጥም ያሉትን አነበብኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ያንን የሽማግሌ ወሬ ለማሳቅ ብዬ ነበር የጻፍኩት። እባክዎ ያድምጡኝ። የሚስቀው ጥርስ ሊነቀል ትንሽ የሚሰጠው ሰው ነው። ለትልቅ ሥራ ግን አስቀድሞ በመርፌ የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጣል፤ በሽተኛው ሳቁ ያለበትን ደጅ ሳያይ ያልፋል። አየሩም ከኦክስጅን ጋር ነው የሚሰጠው። ሳይስቁ የተኙ ብዙ ሰዎች በእጄ አልፈዋል። ከአንድ ሳቅ ይህን ያህል ምን እንደሚያስፈራዎ አልገባኝም። የሚያሳዝን ነገር አለ? ካለ ይንገሩኝ። አይ፣ አይንገሩኝ።

ሁዳዴን ሙሉ ጾምኩ። ከዚያም በኋላ ሆዴ ሥጋና ወተት አልወስድልህ ብሎኝ በዳቦ፣ በድንችና በሻይ አለሁ። ካልሲው ደርሶኛል። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ ነክታው፣ «እንዴት ያለ ወፍራም ሱፍ ነው!» አለች። እኔ ግን እግሬ ላይ መኖሩን በዓይኔ ካላየሁ አላውቅም። በቀደም ደረጃውን ወጥቼ ክፍሌ ስደርስ አንድ ጫማዬ የለም። ዞር ብዬ ሳይ ከታች ደረጃው ላይ ቁጭ ብሏል። መቼ እንደወለቀ እግሬ አልነገረኝም። ፊቴን ስታጠብ ዓይኔን ከጨፈንኩ እወድቃለሁ። አንገቴን ዝቅ ሳደርግ ከማጅራቴ ተነስቶ እስከ ተረከዜ የኤሌክትሪክ ንዝረት ይወርዳል። ብርዱ ነው እላለሁ። ጾሙ ነው እላለሁ።

ማታ ማታ ሰው ሲወጣ መሣሪያውን የማጸዳው እኔ ነኝ። ከሲሊንደሩ ሁልጊዜ የሚተርፍ አለ፤ ጭምብሉን እይዛለሁ። እዚህ ከተማ ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ ሰው የለም፤ እዚያ ግን አንድ ሰው ይጠራኛል። አባባ አሁን በጣም ቀርበዋል። «ና፣ ዝናብ መጣ» ይሉኛል። ቃሏን ግን እስካሁን አልነገሩኝም። ለመምህሬ አልነገርኩትም። ምን ብዬ?

አንድ ነገር ይጻፉልኝ። ከእኛ በር እስከ ሁሴኖ ሱቅ ያለውን መንገድ። ሰዎቹን ሳይሆን መሬቱን። እግር ሲረግጠው የት ላይ ምን እንደሚል።

አሰግድ

*

አሰላ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1950 ዓ.ም.

አሰግዴ፣ ቅዱስ ገብርኤል እጅህን ይያዝህ። ዛሬ ሰላምታ አላበዛም፤ ትንፋሼን ለመንገዱ አስቀርቼዋለሁ።

ጫማዬን አውልቄ ሄድኩበት። ከበራችን ስትወጣ መጀመሪያ ሰፊው ድንጋይ ነው። ልጅ ሳለህ በቂጥህ እየተንሸራተትክ ሱሪ የጨረስክበት። ጠዋት በጣም ይቀዘቅዛል፤ ብርዱ ቁርጭምጭሚት ድረስ ይወጣል። ቀጥሎ የባሕር ዛፉ ቅጠል ነው፤ እርጥቡ ያንሸራትታል፣ ደረቁ ይሰበራል። ከዚያ ጭቃው። የሐምሌን ጭቃ ታውቀዋለህ፤ እግርን ይውጥና መልስልኝ ሲሉት ድምፅ እያሰማ ይለቃል። ጣቶችህ መሐል ይገባል፤ ይሞቃል፣ ከላዩ ግን ቀዝቃዛ ነው። ሱቁ ጋ ስትደርስ ቦዩ ላይ የተጋደመችው ሳንቃ አለች። አሁንም ትነቃነቃለች። ካስማው በኩል ካልረገጥካት ትጥልሃለች።

ሁሴኖ ከመደርደሪያው ኋላ ቀና ብሎ አየኝ።

«እትዬ፣ ጫማዎን ማን ቀማዎት?»

«አሰግድ ነው ያዘዘኝ።»

«ፈረንጅ አገር ልከው የሚያስተምሩት ይህን ነው? ያ ረቢ! እሱ እዚያ በጫማ፣ እርስዎ እዚህ በባዶ እግር!»

ሳቅ ሊመጣብኝ ሆነ። መለስኩት። ከዚያ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ፤ መነሳት አቃተኝ። ስመጣም በየአጥሩ ጥግ እየቆምኩ ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ተጋድሜ አልተኛም፤ ትራስ ደርድሬ ተቀምጬ ነው የማድረው። ስተነፍስ የሚሰማውን ፉጨት ብርቄ ከጓሮ ሰምታ የድመት ግልገል መስሏት ፈልጋ ነበር።

እግርህ የማን ጥፋት እንደሆነ ሳትነግረኝ ገብቶኛል። የእኔ ጥያቄ ነው እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጠህ። ስለዚህ ስማኝ። በሰው እጅ አልተኛም። በአንተ እጅ ከሆነ ግን እተኛለሁ። ብስቅም ልሳቅ። ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ይስማኝ፤ ልሳቅ። ብቻ ና። ጭምብሉን አስቀምጥና ና። የሚጠራህን ሰው እዚያ አትፈልገው፤ እዚያ የለም።

ሌላም የምነግርህ አለ። በደብዳቤ አይሆንም።

አፀደ

*

ሊድስ፣ ነሐሴ 29 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለአክስቴ። መጪው ዘመን የጤና ይሁንልዎ።

መንገዱን በቃሌ ይዤዋለሁ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ እሄድበታለሁ፤ ጭቃው ላይ ስደርስ ግን ምንም አይመጣልኝም።

መምህሬ በአዳራሹ ስሄድ ከኋላ አይቶኝ፣ «ለምንድን ነው መሬቱን እያየህ የምትሄደው?» አለኝ። የነርቭ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ሐኪሙ በመርፌ ወጋኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እንድቆም አዘዘኝ፣ ወደቅሁ። ምግብህ ነው አለ፤ ጉበት ብላ አለ፤ የቫይታሚን መርፌም አዘዘ። ስለ አየሩ ሲጠይቀኝ መሬቱን አየሁ። ከዚያ ነገርኩት። «በዚህ አየር እግር ተጎዳ ሲባል ሰምቼ አላውቅም» አለ። መምህሬ የመሣሪያውን ክፍል ቁልፍ ተቀበለኝ። ትምህርቱ ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው። የምስክር ወረቀት አልሰጡኝም፤ እጁ ጥሩ ነው የሚል አንድ ደብዳቤ ብቻ ጻፉልኝ። በመርከብ እመጣለሁ።

አንድ ልመና አለኝ። አባባ አውቶቡሱ ጋ እንዳይመጡ ይንገሯቸው። በከዘራ ስወርድ እንዲያዩኝ አልፈልግም። ቤት ሆነው ይጠብቁኝ፤ በሩ ላይ ተቀምጠው።

አሰግድ

*

አሰላ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1951 ዓ.ም.

ይድረስ ከአጥር ወዲያ ላሉት አክስቴ። ይህን ያህል ቀርቤ መጻፌ ይገርመኛል፤ ግን ሊያሻግረኝ ፈቃደኛ የሆነ ሰው አላገኘሁም።

ትናንት ከአውቶቡሱ ስወርድ ሁሴኖ ብቻውን ቆሞ ነበር። አቀፈኝና ቶሎ አልለቀቀኝም። «ጣሪያችሁ እየተሠራ ነው፤ ዛሬ እኔ ዘንድ ታድራለህ» አለኝ። ከዚህ መስኮት ጣሪያው ይታየኛል። ማንም የለበትም።

መንገዱ እንደጻፉልኝ ነው። ድንጋዩን አየሁት። ሳንቃዋ ስትነቃነቅ በጉልበቴ ሰማኋት፤ ከጉልበቴ በታች አልደረሰችም። ሁሴኖ በካስማው በኩል ያዘኝ። ምግቡ ከእርስዎ ቤት ተልኮ መጣ፤ የእርስዎን እጅ አወቅሁት። እርስዎ ግን አልመጡም። የሁሴኖ ሚስት ዙቤዳ ሰሃኑን ስታነሳ ዓይኗን ከእኔ ላይ መለሰች። «አባባ እንዴት ናቸው?» አልኳት። «ነገ ጠዋት» አለችኝ። የጠየቅኋት እንዴት ናቸው ብዬ ነው።

ስለ አንገትዎ ላውራ። አዲስ አበባ ሐኪም ቤቱ ጎራ ብዬ ነበር። ሐኪሙ ደብዳቤዬን አነበበ፣ ከዘራዬን አየ፣ እጄን ዘርግቼ እንድይዝለት አንድ ብርጭቆ ውኃ ሰጠኝ። ውኃው አልተንቀሳቀሰም። ከአንድ የእነሱ ሰው ጋር ሆነህ ትቀመጣለህ አለኝ። ራስጌዎ ለመቀመጥ እግር አያስፈልግም። አይስቁም፤ ቃሌ ነው። ቢስቁ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ የምሰማው፤ ለማንም አልናገርም።

መርከቡ ላይ ከወጣሁ ጀምሮ የአባባን ድምፅ አልሰማሁም። ደህና ነው፤ ቃሏን እሳቸውን ራሳቸውን እጠይቃቸዋለሁ። ምናልባት ምንም አይደለችም። ለበቅሎ የሚባል ነገር ይሆናል።

ጎህ እየቀደደ ነው። በመንገዱ ላይ ብዙ ሰው ቀስ ብሎ ሲሄድ ይሰማኛል። የብርቄን ድምፅ ለየሁት፤ ልትስቅ ነው ብዬ ጠበቅሁ፣ አልሳቀችም። ሁሴኖ ገብቶ፣ «ጫማህን አድርግ» አለኝ።

«ወዴት ልንሄድ?»

«የትም። ብቻ አድርግ፣ ወንድሜ።»

ጎንበስ ስል ንዝረቱ በጀርባዬ ወረደ። እግሬ መግባቱን በዓይኔ አየሁ። ሰዎቹ እየገቡ ነው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ማንም ደህና አደርክ አላለኝም፤ በግድግዳው ዙሪያ ይቆማሉ። ወረቀቱን ሊወስድብኝ የመጣ የለም፣ ስለዚህ እጽፋለሁ። ከሁሉ ኋላ አንዲት ሴት ገባች፤ ስትተነፍስ የሚያፏጭ ድምፅ አላት፤ ጥቁር ለብሳለች። እርስዎ ነዎት። ሁሴኖ በሩን ዘጋው።